ቃሉ ሳይገባ ዘፈኑ ሲገባ

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ቡና እየቆላች እንኳ በኮሪያኛ ታንጎራጉራለች። የውጭ የዘፈን ውድድር ካየችማ እንቅልፍ የላትም። ቋንቋውን ሳታውቅ ምኑ ነው የሚስባት?
እናት ነኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እናቴ፣ አይጨነቁ። እኔንም ይዞኛል። አንድ ቀን ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ አጠገቤ ያለ ጎረምሳ በስልኩ የካዛኪስታኑን ዲማሽ ቁዳይበርገንን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2017 በቻይናው «ሲንገር» ውድድር የዘፈነው ነው። ድምፁ ከወፍራሙ ተነስቶ እስከ ቀጭኑ ሲወጣ ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አንድም ቃል አልገባኝም። ሁለተኛ ነው የወጣው፤ ለኔ ግን አንደኛ ነው። በዓመቱ ደግሞ እንግሊዛዊቷ ጄሲ ጄ እዚያው ሄዳ አሸነፈች።

ውድድር ሲሆን ሰው ዘፋኙን በየሳምንቱ ይከታተላል፣ ይጨነቅለታል፣ እንደ ዘመድ ያየዋል። የኮሪያዎቹም መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ብዙዎቹ ለዓመታት ድምፅና ዳንስ ይለማመዳሉ። ልፋቱ ያስታውቃል።

ዜማውም ያን ያህል ባዕድ አይደለም። የጃፓኖቹን ኤንካ የሚባል የዘፈን ስልት ይስሙት፤ እንደ ትዝታችን በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚዜም ብዙ አለው። ሆድ ያባባል።

ዛሬ ቡናው ሲፈላ «እስቲ የምትወጅውን አሰሚኝ» ይበሏት።