በቼዝ 960 ንጉሥና ግንብ ሲለዋወጡ

ጥያቄ፦ ቼዝ 960 ነጭ ይዤ ስጫወት ንጉሤ ኤፍ1፣ ግንቤ ደግሞ ጂ1 ካሬ ላይ ነበሩ። ካስትሊንግ (ንጉሥንና ግንብን በአንድ ተራ ማዛወር) ማድረግ እችል ነበርን?

መልስ፦ አዎን። ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ ባደረገው በዚህ ጨዋታ የኋላ ረድፉ በዕጣ ቢደረደርም፣ የካስትሊንግ መድረሻው ግን እንደ መደበኛው ቼዝ በመሆኑ፣ በአጭሩ በኩል (በንጉሡ ቀኝ፣ ከነጭ ተጫዋች ሲታይ) ንጉሡ ጂ1፣ ግንቡ ኤፍ1 ላይ ያርፋሉ፤ በእርስዎ አሰላለፍ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ ማለት ነው፣ ለዓይን እንግዳ ቢመስልም። ሁለቱም ቀድሞ ያልተንቀሳቀሱ፣ በሚያልፉባቸውና በሚያርፉባቸው ካሬዎች ላይም ሌላ ጠጠር የሌለ መሆን አለበት። ንጉሡ ቼክ ላይ ከሆነ (ማለትም በተቃራኒው ጠጠር ከተጠቃ)፣ ወይም የሚያልፍበት ወይም የሚያርፍበት ካሬ በተቃራኒው ጠጠር ከተጠቃ አይፈቀድም፤ የግንቡ መጠቃት በራሱ አይከለክልም፤ በእርስዎ አሰላለፍ ግን ግንቡ ያለበት ጂ1 የንጉሡ ማረፊያ ስለሆነ ይከለክላል። በሰሌዳ ሲጫወቱ ንጉሡን ከሰሌዳው ውጭ በመድረሻው አጠገብ አኑረው፣ ግንቡን ካዛወሩ በኋላ ንጉሡን በቦታው ቢያስቀምጡ ባላጋራዎ አይደናገርም።