ሊጥ የሰው ሰዓት አያውቅም፦ ቤክ ኦፍን እያያችሁ ጋገራ ለጀመራችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

«ዘ ግሬት ብሪቲሽ ቤክ ኦፍ» የተባለውን የእንግሊዞች የጋገራ ውድድር በቴሌቪዥን በማየት ወደ ምድጃ የቀረባችሁ ብዙዎች ናችሁ። መግቢያው መልካም ነው። ነገር ግን የምታዩት ክፍል የየትኛው ዓመት እንደሆነ እያያችሁ እዩ። የፊተኞቹ ዓመታት ጋገራ ያስተምራሉ፤ የኋለኞቹ ግን በአብዛኛው መሯሯጥን ነው የሚያሳዩት።

ፕሮግራሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ ሲጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በሙያው የማይተዳደሩ፣ ቤታቸው የሚጋግሩ ሰዎች ድንኳን ውስጥ ሦስት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛው ቤታቸው የተለማመዱት የራሳቸው አሠራር ነው። ሁለተኛው ቴክኒካል የሚባለው ነው፤ ለሁሉም እኩል ግብዓትና ሆን ተብሎ የተቆራረጠ መመሪያ ይሰጣል፤ ዳኞቹም የማን እጅ እንደሠራው ሳያውቁ ይቀምሳሉ። ሦስተኛው ለዓይን የሚሞላ ትልቅ ሥራ ነው። ሽልማቱ የኬክ ማቅረቢያና አበባ ነው፤ ገንዘብ የለውም። ናድያ ሁሴን ያሸነፈችበትን የ2015ቱን ፍጻሜ ወደ 15 ሚሊዮን ሰው አይቶታል።

የውድድሩ ልብ ቴክኒካሉ ነበር። ወረቀቱ «ሊጡን አቡኩ» ይላል እንጂ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አይናገርም። «ጋግሩ» ይላል፤ በስንት ዲግሪ እንደሆነ አይነግራችሁም። የጎደለውን የሚሞላው የተወዳዳሪው ዕውቀት ነው። ሊጡ መቡካቱን የሚያውቀው ቁራጩን በጣቶቹ ሲዘረጋው ሳይቀደድ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሲሳሳ አይቶ ነው። ቤቱ የተቀመጠ ተመልካችም አብሮ ያስባል። ይህን የመሰለ ትምህርት በቴሌቪዥን ብዙ አይገኝም።

ፕሮግራሙ በ2017 ወደ ሌላ ጣቢያ፣ ወደ ቻናል ፎር፣ ሲዛወር ዳኛዋ ሜሪ ቤሪና ሁለቱ አቅራቢዎች አብረው አልሄዱም። ብዙ ሰው ጥራቱ የወረደው በእነሱ መሄድ ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። በሜሪ ቤሪ ቦታ የገባችው ፕሩ ሊዝ የምግብ አሠራር ትምህርት ቤት የመሠረተች ባለሙያ ናት። የተበላሸው ጥያቄው ነው። በ2022 ለሊጥ ሥራ በተመደበው ሳምንት ቴክኒካሉ በዘይት የሚጠበስ የአትክልት ስፕሪንግ ሮል ሆነ፤ በሜክሲኮ ሳምንት ደግሞ ታኮ፣ ማለትም ሥጋና አትክልት የሚጠቀለልበት ስስ ቂጣ። ጋጋሪ ሥጋ ሲጠብስና አቮካዶ ሲፈጭ ምኑ ነው የሚፈተነው? አዘጋጆቹም ቢሆኑ ከ2023 ጀምሮ በአገር ስም የሚሰየሙ ሳምንቶችን ትተዋል። ስለ አንድ ኬክ ወይም ዳቦ ታሪክ የሚተርኩት አጫጭር ክፍሎችም ቀስ በቀስ ጠፍተዋል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ዳኛው ፖል ሆሊውድ ሥራው ሲያስደስተው የሚሰጠው የእጅ ሰላምታ በፊት ከስንት አንዴ የሚገኝ ስለነበረ ትርጉም ነበረው፤ ሲበዛ ዋጋው ወረደ።

ዋናው ችግር ግን ሰዓቱ ነው። ሥራው በየዓመቱ ሲገዝፍ ሰዓቱ አብሮት አላደገም። ሊጥ ደግሞ የሰው ሰዓት አያውቅም። ብሪዮሽን፣ ማለትም ቅቤና እንቁላል የበዛበትን የፈረንሳይ ዳቦ፣ እንውሰድ። ለ500 ግራም ዱቄት 250 ግራም የገበታ ቅቤና 5 እንቁላል ይገባበታል። ይህን ያህል ቅቤ የያዘ ሊጥ ከተቡካ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማደር አለበት፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት። በዚያ ጊዜ ቅቤው ይጠነክራል፣ ሊጡ ለመቅረጽ ይመቻል፣ ጣዕሙም ይበስላል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ጨርሱ ከተባለ ተወዳዳሪው ሊጡን ሙቅ ቦታ ያስቀምጠዋል። ሊጡ ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ቅቤው እየላላ ይለያል፤ ምድጃ ሲገባ ወጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ይጠራቀማል። ዳቦው ታቹ በቅቤ የተጠበሰ፣ ውስጡ ድፍን ይሆናል። ዳኛው «ሊጡ ጊዜ አላገኘም» ሲል እውነቱን ነው፤ ጊዜውን የከለከለው ግን ተወዳዳሪው አይደለም። አፍለኛ እንጀራ የበላ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሊጡ ሳይደርስ ምጣድ ላይ ቢያሰፉት ዓይን አያወጣም።

የክሬም ሥራም እንዲሁ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኬክ ከምድጃ ወጥቶ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። ለብ ባለ ኬክ ላይ የቅቤ ክሬም ከቀባችሁ ክሬሙ ይቀልጣል፤ የላይኛው ንብርብርም ተንሸራቶ ይወርዳል። በ2020 በሞቃት ቀን አይስክሬም ኬክ እንዲሠሩ ሲታዘዙ ሥራው እየቀለጠ ወረደ። ለሐቁ ያህል፣ በ2014 በቢቢሲ ዘመንም በቀለጠ አይስክሬም ምክንያት አንድ ተወዳዳሪ ሥራውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎታል። ጥፋቱ ድሮም ነበር፤ በኋላ ግን ልማድ ሆነ።

ከፕሮግራሙ ወስዳችሁ ቤታችሁ ስትሞክሩ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ድንኳኑ የቆመው ከባሕር ወለል ብዙ ባልራቀ የእንግሊዝ መሬት ላይ ነው። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መመሪያው «የዳቦው ውስጥ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ» ካላችሁ ቴርሞሜትሩን ስትጠብቁ ዳቦውን ታደርቁታላችሁ፤ እርጥበት እስካለው ድረስ ውስጡ ከዚያ መፍያ ነጥብ አያልፍም። 90 አካባቢ ሲደርስና ታቹን ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ሲሰጥ አውጡት። ለጣሊያን ሜሬንግ (በተመታ የእንቁላል ነጭ ላይ ትኩስ ሽሮፕ ተጨምሮ ለሚሠራው አረፋ) የሚፈላው የስኳር ሽሮፕም 118 ዲግሪ ከተባለ እዚህ 110 ላይ ይበቃዋል፤ 118 ድረስ ከቆያችሁ በጣም ይጠጥርባችኋል።

አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል። ኬካችሁ ምድጃ ውስጥ ከፍ ብሎ መሃሉ የሚሰምጠው በዚህ ነው፤ መዋቅሩ ሳይጸና ይነፋል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ቀንሱ፣ ከ200 ግራም ስኳር 20 ግራም ያህል አውጡ፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ፣ የምድጃውንም ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። ደረቅ እርሾ 7 ግራም ከተባለ 5 ይበቃል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፤ የእናንተ ጠላት ሙቀቱ ነውና ዱቄቱንም ውሃውንም አቀዝቅዛችሁ ጀምሩ።

አሁን ቴክኒካሉን ቤታችሁ አድርጉት። 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 10 ግራም ጨው፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 320 ሚሊ ሊትር ውሃ በሚዛን ለኩ። ውሃውን ሁሉ አንዴ አታፍስሱ፤ ዱቄት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ 20 ሚሊ ሊትር በእጃችሁ አስቀሩ። መመሪያውን በአራት መስመር ብቻ ጻፉ፦ አቡኩ፣ እጥፍ እስኪሆን አቆዩት፣ ቅረጹ፣ ጋግሩ። ደቂቃ አትጻፉ። ሊጡ የነበረበትን ከፍታ በሳህኑ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ እጥፍ መሆኑን የሚነግራችሁ ምልክቱ እንጂ ሰዓቱ አይደለም። ከተቀረጸ በኋላ በጣት ተጫኑት። ቶሎ ከተመለሰ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ምድጃው ይጠብቀዋል፤ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል። ምድጃው አስቀድሞ በ220 ዲግሪ ይጋል፤ ታች ላይ ውሃ ያለበት ሳህን አስቀምጡ፣ እንፋሎቱ ቅርፊቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል።

ከወጣ በኋላ አንድ ሰዓት አትቁረጡት። ከዚያ ፍርዱን ከዳቦው አንብቡ። ጎኑ ከተቀደደ ኩፍ ሳይል ገብቷል። አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተሸበሸበ ብዙ ቆይቷል። ከታቹ ሙጫ የመሰለ መስመር ካለ አልበሰለም ወይም በትኩሱ ተቆርጧል። ያያችሁትን ደብተር ላይ ከነቀኑና ከክፍሉ ሙቀት ጋር ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ውሃውን ብቻ በ20 ሚሊ ሊትር ለውጡ፤ ሌላውን አትንኩ።