ገንዘቡን ሲመልሱልዎት ምን ፈረሙ?

ጥያቄ፦ ከ14 ወር በፊት አዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል ጡቴን ለማሳነስ ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። በ10ኛው ቀን ከጡቴ ሥር ስፌቱ ተከፍቶ መግል ያዘ፤ ሦስት ወር ሙሉ ቁስሉን ሳስጠርግ ከረምሁ። የግራው ጡቴ ጫፍም በከፊል ጠቁሮ ወደቀ። ሆስፒታሉ ከከፈልሁት ግማሹን መልሶልኛል። ካሳ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በደረሰብዎት አዝናለሁ። ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎ። ሐኪም በጽሑፍ ዋስትና ካልሰጠ በቀር ለሕክምናው ውጤት ኃላፊ አይሆንም፤ የሚጠየቀው የሙያውን ደንብ ጥሶ ሲያጠፋ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 እና 2647)። ሆስፒታሉም በቀጠራቸው ባለሙያዎች ጥፋት ይጠየቃል (ቁጥር 2651)።

የስፌቱ መከፈት ብቻውን ጥፋት አያሳይም። ወደ ታች የወረደው ስፌት ከጡት ሥር ካለው አግድም ስፌት ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ቆዳው በጣም የሚወጠርበት፣ ደምም እንደልብ የማይደርስበት ስለሆነ በጎበዝ ሐኪም እጅም ይከፈታል። ክርክሩ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። መግሉን በስንተኛው ቀን አሳዩ? ናሙና ተወስዶ ተመረመረ? ጫፉ መጥቆር ሲጀምር ማን አየው፣ ካርዱ ላይስ ምን ጻፈ? ሲጋራ ወይም ሺሻ ያጨሱ እንደሆነ፣ ስኳር ይኑርብዎ አይኑርብዎ አልነገሩኝም። ኒኮቲን ደም ሥር እያጠበበ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፤ ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነውና ከጠበቃዎ አይደብቁ።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን "ግማሹን መልሶልኛል" ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው። ሆስፒታል ያለ ወረቀት ገንዘብ አይመልስም። ይህን መጀመሪያ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር! ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው፦ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ የፋሻና የመድኃኒት ወጪ ባስጨነቀ ሰዓት፣ ሂሳብ ክፍል "ለመዝገብ ነው" ብሎ አንድ ገጽ ያቀርባል። ከብሩ መጠን ሥር "ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም" የሚል መስመር ይኖራል። ይህ የዕርቅ ስምምነት ነው፤ በቁጥር 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። "ሕጉን አላውቅም ነበር" ማለት አያፈርሰውም። ሆኖም መብትን የመተው ቃል በጠባቡ ነው የሚተረጎመው። ወረቀቱ ተራ የገንዘብ መቀበያ ከሆነ፣ ወይም ጫፉ ከመጥቆሩ በፊት ስለ ስፌቱ ብቻ የተጻፈ ከሆነ፣ የሚከራከሩበት ነገር አለዎት። ስለዚህ ኮፒውን በጽሑፍ ይጠይቁና ቃል በቃል ለጠበቃ ያሳዩ። "ቀሪውንም እንመልስልሽ" ቢሉዎት ጠበቃ ሳያየው ምንም እንዳይፈርሙ።

ከውል ውጭ ለሚጠየቅ ካሳ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው (ቁጥር 2143)። ጉዳዩ የውል ነው፣ 10 ዓመት አለኝ ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን በዚያ ተማምኜ ደንበኛ አላስቀምጥም። የቀረዎት 10 ወር ያህል ነው። "በነጻ እናስተካክልልሻለን" የሚል ቀጠሮ እንዳይበላብዎ።

በዚህ ሳምንት የካርድዎን ሙሉ ኮፒ በማኅተም ያውጡ፤ የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ፣ የፈረሙበት የፈቃድ ቅጽና ቁስሉ የተጠረገባቸው ቀናት መዝገብ እንዳይጎድሉ። ሌላ ሐኪም አሁን ያሉበትን ሁኔታ ጽፎ ይስጥዎ። ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ያስገቡ፤ የባለሙያ አስተያየቱ ለፍርድ ቤት ይጠቅምዎታል፣ ካሳ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ነው። የቁስሉን ፎቶዎችም ከተነሱበት ስልክ አያጥፉ፤ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ብዙ ጊዜ የተነሳበትን ቀን ይዞ አይሄድም።