መልስ፦ በታጣፊ ምላጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ፂም መላጨት

ወንድሜ፣ ከአያትህ የቀረ ታጣፊ ምላጭ አለህ፤ ጎንደር ፒያሳ ፀጉር አስተካካዩ ሲሠራበት ከማየት ውጪ ግን ነክተኸው አታውቅም። ከየት ልጀምር ብለሃል። ከጉንጭህ ጀምር። አገጭህና ከከንፈርህ በላይ ያለው እጅህ እስኪለምድ ይቆዩ፤ እነሱን በለመድከው ምላጭ ጨርሳቸው።

የጎንደር የጠዋት ውሃ ይቀዘቅዛል፣ አሙቀው። ፎጣ ነክረህ ፊትህ ላይ ለ2 ደቂቃ ያዝ፤ ፂሙ ይለሰልሳል። ከዚያ ሳሙናውን በደንብ አረፋ አድርገህ ተቀባ።

ዋናው ነገር አያያዙ ነው። የምላጩን ጀርባ ከቆዳህ 30 ዲግሪ ያህል አንሳ። በጣም ካነሳኸው ይቆርጥሃል። በሌላው እጅህ ቆዳውን ወጠር አድርገህ፣ ፂሙ በበቀለበት አቅጣጫ አጠር አጠር እያደረግህ ውረድ። አትጫነው። ወደ ጎን ደግሞ ፈጽሞ እንዳታንሸራትተው፤ ክፉኛ የሚቆርጠው ያን ጊዜ ነው።

ፂምህን ከነጨህ ስለቱ ደንዟል ማለት ነው። የቆየ ምላጭ መጀመሪያ በድንጋይ መሳል አለበት፤ የሚያውቅ ሰው ይሳልልህ። ከዚያ በኋላ በተላጨህ ቁጥር አስቀድመህ በተወጠረ የቆዳ ጠፍር ላይ፣ ጀርባውን እያስቀደምክ 30 ጊዜ ያህል አመላልሰው። ስትጨርስ አድርቀው፣ ይዝጋል።

እባክህ፣ ለጓደኛም ቢሆን አታውሰው። በደም የሚተላለፍ በሽታ አለ።