ታሞክሲፌን እየወሰድኩ አንድ እግሬ አበጠ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 48 ነው። ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ፣ ኬሞቴራፒም ጨርሼ፣ ከ8 ወር ወዲህ ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠውን ታሞክሲፌን 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ እወስዳለሁ። ከሦስት ቀን በፊት የግራ እግሬ ባት አብጦ ስረግጥ ያመኝ ጀመር። ቤተሰቦቼ «ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ጋ ሂጂና ታሺ» ይሉኛል። አስፕሪን ብወስድስ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። እግርዎን ማንም አይሽ፤ በደም መልሱ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሲተነፍሱ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ሲያስሉ ደም ከወጣዎት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ካንሰሩ ራሱ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ታሞክሲፌን ደግሞ ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ጡት ላይ እንዳይሠራ ቢከለክልም ጉበት ላይ እንደ ኢስትሮጅን ስለሚሠራ፣ የመርጋትን ዕድል ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያሳድጋል። ይህም የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎች ምንም ሳይገጥማቸው ይጨርሱታል፤ ግን የአንድ እግር ብቻ እብጠት ወለምታ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሐኪሙ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሁለቱንም ባት ይለካል። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ልዩነቱ ከዚያ ያነሰ ቢሆንም ነፃ ነዎት ማለት አይደለም። ደም መርጋቱን የሚጠቁመው ዲ-ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ በካንሰር ብቻም ከፍ ስለሚል፣ የደም ፍሰትን የሚያሳየው የእግር ዶፕለር አልትራሳውንድ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

አስፕሪን የረጋን ደም ለማከም አይበቃም። መርጋቱ ከተረጋገጠ የተለመደው ኢኖክሳፓሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ መርፌ ነው፤ ኩላሊት ጤነኛ ከሆነ በየ12 ሰዓቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 60 ሚሊ ግራም። ከእምብርት 5 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ የሆድዎን ቆዳ በጣት ይዘው ይወጉታል። ተሞልቶ በሚመጣው መርፌ ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋ አያስወጡ፤ ከመጠኑ ይጎድላል። ሲጨርሱም ቦታውን አይሹት፤ ይበልዛል።

በመርፌው ፋንታ ሪቫሮክሳባን የተባለው የደም ማቅጠኛ ክኒን ከታዘዘልዎ ለ21 ቀን 15 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ፣ ከዚያ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ነው። ሁልጊዜ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ በባዶ ሆድ በቂው መጠን ወደ ደም አይገባም። ጾመኛ ከሆኑ ይህን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩት፤ በተለይ በእነዚያ 21 ቀናት ሁለት ገበታ ያስፈልጋል። ሌላው የደም ማቅጠኛ ክኒን ዋርፋሪን ግን ከታሞክሲፌን ጋር ሲገናኝ ኃይሉ ስለሚጨምር የመድማት አደጋ አለው።

ሕክምናው ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር ይዘልቃል። መርጋት ከተገኘ ታሞክሲፌን አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል፤ በእሱ ፋንታ ሰውነት ኢስትሮጅን እንዳይሠራ የሚከለክሉት አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል ሊተኩ ይችላሉ። የወር አበባዎ ገና ካልቆመ ግን እነዚህ ብቻቸውን አይሠሩም፣ እንቁላል ዕጢውን የሚያሳርፍ መርፌ አብሮ ይሰጣል። ስለዚህ ለካንሰር ሐኪምዎ የመጨረሻው የወር አበባዎ መቼ እንደነበር ይንገሩ።