የትልቁ ዓይን ሲታመም የታናሹንም አስመርምሪ

እህቴ፣ ከደባርቅ የጻፍሽውን አነበብኩት። የልጅሽ አንድ ዓይን ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ታየሽ። ሐኪሙ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የዓይን ካንሰር ነው፣ ዓይኑ መውጣት አለበት አለሽ። አንዷ ደግሞ «በዘር የሚመጣ ነው» ብላ አስደነገጠችሽ። አሁን የምትጠይቂው ገና የምታጠቢው ታናሹ ይመርመር ወይ ነው። አዎ፣ ይመርመር። ዛሬ ነገ አትበይ። እኔ አዘዞ ነው የምኖረው፤ በሴት ልጄ ስላየሁት ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

1. ስለ ዘሩ ነገር። አርቢ ዋን የሚባል ዘረ-መል አለ፣ 13ኛው ክሮሞዞም (ዘረ-መሎችን የሚሸከም ክር) ላይ ነው ያለው። ሁላችንም አንድ ከእናት አንድ ከአባት፣ ሁለት አለን። ሥራው ሴሎች ያለ ልክ እንዳይባዙ መያዝ ነው፤ እንደ መኪና ፍሬን ቁጠሪው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። ሁለቱም ሲበላሹ ዕጢው መነሳት ይጀምራል። ይህን በ1971 እ.ኤ.አ. ያስረዳው አልፍሬድ ክኑድሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ ያውም እነዚህኑ የዓይን ሕመምተኛ ልጆች አይቶ። ዘረ-መሉ ራሱ በ1986 ተገኘ።

አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ከ100 ልጆች በ85ቱ ገደማ ጉዳቱ እዚያው ዓይን ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ከማንም አልተወረሰም። ሁለቱም ዓይን ከሆነ ግን ጉዳቱ በመላ ሰውነት አለ፤ ልጁ አድጎ ሲወልድ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ያኔም ቢሆን ወላጆቻቸው ምንም የሌለባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ይህን የምጽፍልሽ ምክንያት አለኝ። የባለቤቴ ዘመዶች «በእናትዋ ወገን ነው የመጣው» እያሉ አንገቴን አስደፍተውኝ ነበር። አንቺንም እንዲህ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ሐኪሙ የአንቺንና የአባቱንም ዓይን ሊያይ ይችላል፤ ሳይታወቅ ድኖ የቀረ ጠባሳ እንዳለ ለማየት ነው እንጂ ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም።

2. ቀዶ ጥገናውን አታዘግዪ። ዓይኑ የሚወጣው ሕይወቱ እንዲተርፍ ነው። ካንሰሩ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ከገባ ሌላ ታሪክ ነው። ልጄን ጠበልም አስጠምቄአታለሁ፣ እምነቴ ነው። ቀጠሮዋን ግን አንድም ቀን አላስቀረሁም።

3. የወጣው ዓይን ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ወደሚመረምሩበት ክፍል መላኩን አረጋግጪ። እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ቅባት ሰጥተው «ስታድግ ይጠፋል» ብለው መልሰውናል፤ እሱን እንኳ በሆዴ ይዤ አልፌዋለሁ። ናሙናውን ያስረከብንበት ቢሮ ግን ይቅር የምለው አይደለም። ውጤት ልወስድ ስሄድ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አልደረሰም፣ ሌላ ቀን ነይ» ይላል። ሌላ ቀን ስሄድም ያው ነው። በመጨረሻ «እንዲህ የሚባል ልጅ የለም፣ አታድርቂኝ» አለኝ። በሰው ፊት! የልጄ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) መጀመር አለመጀመር በዚያች ወረቀት ላይ ተንጠልጥሏል። ካንሰሩ የተቆረጠው ነርቭ ጫፍ ላይ ደርሶ እንደሆነ የሚታወቀው በሷ ነውና።

እኔ ግን ደረሰኙን የተቀበልኩ ዕለት በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። ቁጥሩን አሳየሁት፣ ካላየህልኝ አልንቀሳቀስም ብዬ ቆምኩ። መዝገቡን ሲገልጡት ውጤቱ ከደረሰ ቆይቷል፤ የአባትዋን ስም አሳስተው ጽፈውት ነው። ይቅርታ ያለኝ የለም። ነርቩ ንጹህ ነበር፣ ተመስገን። አንቺም ካርዱን፣ የሪፈር ወረቀቱን፣ ደረሰኙን፣ ሁሉንም ፎቶ አንሺ። ስሙ በትክክል መጻፉን ከመስኮቱ ሳትርቂ አንብቢ።

4. ታናሹ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ ትልቁን ስታመጪ ሕፃኑንም አብረሽ ይዘሽ ነይ። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገው የዓይኑን ጀርባ ያዩታል፣ ካስፈለገም በማደንዘዣ። አንዴ ታይቶ ደህና ነው ቢሉሽ አበቃ ማለት አይደለም። ሕመሙ በብዛት የሚመጣው ከአምስት ዓመት በታች ስለሆነ ቀጠሮው ይደጋገማል። የዘረ-መል ምርመራ ማድረግ ይቻል እንደሆነም ጠይቂ፤ ምርመራው ተገኝቶ ታናሹ የትልቁን የዘረ-መል ጉዳት እንዳልያዘ ካሳየ፣ ከዚህ ሁሉ ምልልስ ሊያርፍ ይችላል። የኛን ታናሽ ያለ ምርመራው በቀጠሮ ብቻ ነው ያሳደግነው፣ ዓይኑ ደህና ነው። ሴት ልጄም ሰው ሠራሽ ዓይን አድርጋ ትማራለች፣ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ዓይኑ ግን ፊቷ ባደገ ቁጥር ይቀየራል፤ ለሱ ከአሁኑ ትንሽ ትንሽ ቆጥቢ።

አንድ ነገር ረስቼ። የትልቁ በሁለቱም ዓይን ከሆነ «ሲቲ ስካን ይነሳ» ሲሉሽ በኤምአርአይ መተካት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ ሁለቱም የውስጥ አካልን የሚያሳዩ ናቸው፣ ሲቲው ግን በጨረር ነው የሚሠራው፣ ኤምአርአዩ ያ ጨረር የለበትም። ዘረ-መሉ በመላ ሰውነት የተጎዳ ልጅ ጨረር ሲበዛበት ኋላ ሌላ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ስትመጪ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ማደሪያ አታስቢ፣ እኛ ጋ ታርፋላችሁ።