ባለ ማሲንቆው ረቡዕ አይመጣም

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አስተማሪ ነኝ፤ 31 ዓመቴ ነው። ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አምስት ሆነን የምንጫወትበት ትንሽ ባንድ አለን። እኔ ክራር እመታለሁ። ማሲንቆ፣ ከበሮና ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ አንዲት ድምፃዊትም አለችን። ሁላችንም እንጀራችን ሌላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስንጀምር ኪቦርድ አልነበረንም። ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎ እየቆረጠምን እንጫወት ነበር።

አምና በጥር የጓደኛችን ሠርግ ላይ ተጫወትን። ሰው በጣም ወደደን። ከዚያ በኋላ ነገሩን በደንብ ልያዘው አልኩ። ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ፈልጌ አመጣሁ። ከመስከረም ጀምሮ ልምምዱን ቅዳሜና ረቡዕ ማታ አደረግሁት። ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳረፈደ የምጽፍበት ደብተርም ገዛሁ። ያለዚያ ሰው ሲሪየስ አይሆንም።

ልጆቹ ግን አሁንም ያው ናቸው። ድምፃዊቷ ግጥም አታጠናም፤ ከስልኳ እያነበበች ነው የምትዘፍነው። ባለ ከበሮው ዘፈን መሀል ስልክ ያነሳል። እነሱን ችያቸዋለሁ። አንጀቴን ያሳረረው ባለ ማሲንቆው ነው። እስካሁን 9 ቅዳሜና 9 ረቡዕ ተለማምደናል። ከ18ቱ የመጣው 7 ቀን ብቻ ነው። ሰባቱም ቅዳሜ ነው፤ ረቡዕ የሚባል ቀን ያለ አልመሰለውም። ስደውልለት «እሺ፣ እመጣለሁ» ይላል። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ዝግ ነው። ጫጫ ነው የሚኖረው፤ እዚያው ፈርኒቸር ቤት ይሠራል። ሩቅ ነው እንዳይባል 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጣ ቀንም እንደ ድሮው አይደለም። ማሲንቆህን በኪቦርዱ ቃኝ ስለው ዝም ብሎ ይቃኛል፤ የታዘዘውን መትቶ ይሄዳል።

በጥቅምት አንድ ረቡዕ ደግሞ የድምፃዊቷ ወንድም ዘመድ ሊጠይቅ ጫጫ ሄዶ አይቶታል። በአባቱ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ ዓይን እስኪይዝ ድረስ ሲመታ ነበር አሉ። እኛ በዚያ ሰዓት እሱን እየጠበቅን ነበር። ለእኛ ጊዜ ያጣ ሰው ለዚያ ከየት አመጣ?

በልጅነቴ ክራር ስነካ እናቴ «ለሴት አይሆንም» እያለች ትቀማኝ ነበር። የራሴን የገዛሁት ደሞዝ ማግኘት ከጀመርኩ በኋላ ነው። አሁን ካልሆነልኝ መቼ ሊሆንልኝ ነው?

ከጥምቀት በኋላ ደብረ ሲና ላይ ሠርግ ተገኝቷል። 5 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብያለሁ፤ ለልጆቹ ገና አልነገርኳቸውም። ማሲንቆ አሳምሮ የሚመታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አግኝቻለሁ። ቢጠሩት ይመጣል። የምጠይቅዎ ይህን ነው፦ በተማሪው ልተካው እንደሆነ ለባለ ማሲንቆው አሁን ልንገረው? ወይስ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ቢሰማ ይሻላል?

ባለ ክራሯ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ውድ እህቴ፣

አሁን ንገሪው። የምትነግሪው ግን ያሰብሽውን አይደለም።

መጀመሪያ ያን ደብተር እንደገና ክፈቺው። ከ9 ቅዳሜ 7ቱን መጥቷል። ከጫጫ ተሳፍሮ፣ ከኪሱ ከፍሎ፣ ማሲንቆውን ታቅፎ መጥቷል። ሁለት ቅዳሜ ብቻ የቀረን ሰው ነው እንደ ሰነፍ ተማሪ የመዘገብሽው። ረቡዕን ማን ጨመረው? «አደረግሁት» ነው ያልሽው። «ተስማማን» የሚል ቃል ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

20 ኪሎ ሜትር ለአንቺ ቅርብ የሚሆነው ስለማትሄጂው ነው። ልምምዱ ሲያልቅ አንቺ በእግርሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። እሱ በደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ አስፋልት ዳር ቆሞ መኪና ይጠብቃል፤ ማለዳ ደግሞ ሥራ ይገባል። እሺ ብሎ ስልክ መዝጋቱ ጥፋት ነው፤ እሱን አልሸፍንለትም። ግን እኛ አገር ወዳጅን እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስልኩን የዘጋው አንቺን እምቢ ማለት ከብዶት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደዚያ ደጃፍ ልምጣ። አንቺ ለክስ ነው ያመጣሽው። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ ላይ ቆምኩ። ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲላግና ሲያለሰልስ የዋለ ሰው፣ ድካሙ ሳይወጣለት ማሲንቆውን ከግድግዳ አውርዶ፣ ጎረቤት ሰብስቦ፣ ማንም ሳይከፍለው እስኪመሽ ይመታል። ይህ ሰው ሙዚቃ ሰልችቶታል? ከእናንተ ከአምስታችሁ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ማን አለ? እሱ የሸሸው አንቺ ጋ ያለውን ወንበር ነው።

ለምን እንደሸሸም ደብዳቤሽ ይናገራል። «በኪቦርዱ ቃኝ» ብለሽዋል። ማሲንቆ አንድ ገመድ ነው ያለው፣ ያውም የፈረስ ጭራ። ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም። ተጫዋቹ ድምፁን የሚያገኘው በጆሮውና በጣቱ ነው። የሚቃኘውም ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ ዛሬ ድምፁ ከከበደው ዝቅ፣ ከቀለለው ከፍ ያደርግለታል። የኪቦርድ ቁልፍ ግን ድምፁ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ትዝታንም ሆነ አንቺ ሆዬን የመሰሉ ቅኝቶችን ማሲንቆ ሲመታቸው ከኪቦርዱ ቁልፍ ትንሽ ዘወር የሚሉ ድምፆች አሉ። ልባችንን የሚያላውሱት እነዚያ ናቸው። አንቺም ክራር ስለምትቃኚ ይህ ለአንቺ አዲስ አይደለም። ልጁ ለሦስት ዓመት የለመደውን ጆሮውን በአጭር ጊዜ ወደ ኪቦርድ ቁልፍ አስጠጋ ሲባል ደጋኑ ዝም ቢል አይገርመኝም። በዚያ ላይ በእኛ ልማድ ማሲንቆ የያዘ ሰው መሪ ነው። ከተቀመጠው ሰው ግጥም ይቀበላል፣ ይመልሳል፣ ያሞግሳል፣ ይወርፋል። አባቱ ደጃፍ ላይ ይህ ሁሉ አለው። አንቺ ጋ የታዘዘውን መትቶ ይሄዳል።

ኪቦርዱ ይውጣ አላልኩሽም። ቢያንስ ግን በየልምምዱ ሁለት ዘፈን ያለ ኪቦርድ ይሁን። እነዚያን ማሲንቆው ይጀምራቸው፤ ከበሮውም ድምፃዊቷም እሱን ይከተሉት። የዚያን ጊዜ ድምፃዊቷም ከስልኳ ቀና ማለቷ አይቀርም፤ ማሲንቆ ዓይን እያየ የሚመታ ነገር ነው።

ስለ ደብተሩ አንድ ነገር ልንገርሽ። በደርግ ጊዜ ልጅ ሳለሁ የቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ከልምምድ በፊት ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ስሙ ላይ መስመር ይሰመርበታል። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ዘፈን አንዱን እንኳ አሟልቼ አላስታውስም። «አቤት» ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። አብሮኝ የነበረ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ ነበር። ከብት ሲጠብቅ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስቆም፣ ልምምድ ላይ ግን ትንፋሽ የሚያጥረው። ያን ጊዜ እኔም ሰነፍ ነው ብዬው ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ እባክሽ ደብተሩን ለተማሪዎችሽ ተይው።

አሁን ስለ አንቺ። እናትሽ ክራሩን የቀሙሽን ነገር በሦስት መስመር አልፈሽዋል። እኔ ግን የዚህ ሁሉ ጥድፊያ ሥር እዚያ ይመስለኛል። አንቺ ባንዱን ለማሳደግ ብቻ አይደለም የምትሮጪው፤ ያመለጠሽን ዓመት ለማካካስ ነው። ይህ ምኞት የሚያሳፍር አይደለም። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ፣ ራሷ እየደረደረች ራሷ እያዜመች መድረክ የሞላች ሴት ናት። እሷን ያየ አገር ክራር ለሴት አይሆንም ሊልሽ አይችልም። 31 ዓመትም አልረፈደም። ግን ምኞትሽን ለልጆቹ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ወይስ ደብተር ብቻ ነው ያሳየሻቸው? «እኔ ይህን ሥራዬ ላደርገው እፈልጋለሁ» ብለሽ ንገሪያቸው። አብሬሽ ልሩጥ የሚል ካለ ይሩጥ። ያን ተማሪም በግልጽ ጥሪው፤ ከሚፈልጉት ጋር ሌላ ቡድን አቋቁሚ፤ ረቡዕ የዚያ ቡድን ቀን ይሁን። ቅዳሜ ግን የቡናና የቆሎው ነው። እሱን ለሠርግ ብለሽ አታፍርሺው።

ቀብዱን ግን አልምርሽም። የአራት ሰው ቀን ሳትጠይቂ ሸጠሻል። ደብረ ሲና መውረድ ለአንዳንዱ የሥራ ቀን ማጣት ነው፤ ሌሊት የጣርማበርን ዳገት በጭጋግ ተመልሶ መውጣትም አለ። ይህን እያንዳንዱ ራሱ ይወስን። በዚህ ሳምንት ሁሉንም ሰብስበሽ ቀብዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ካልተስማሙ ለሠርገኞቹ አሁኑኑ መልሺላቸው። አሁን ኅዳር ነው፤ ሌላ ፈልገው ያገኛሉ። ጥር ከገባ በኋላ ግን ሙዚቀኛ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ከስብሰባው በፊት ግን ለባለ ማሲንቆው ለብቻው ንገሪው። በስልክ አይሁን። አንድ ማታ ተሳፍረሽ ጫጫ ሂጂ፤ መንገዱንም በዚያው ታይዋለሽ። አባቱን ሰላም በይ። ቀብድ መቀበልሽንም፣ ሌላ ማሲንቆ ማነጋገርሽንም ሳትሸፋፍኚ ንገሪው። ቢቆጣ ስሚው። ክራርሽንም ይዘሽ ሂጂ። ማሲንቆውን ካወረደ በእሱ ቃኚ።